አክስቴ ዘርፌ ሜዳ የገባች ዕለት

እንደማታምኑኝ እምላለሁ። ሰው ሁሉ የሚምለው እንዲታመን ነው። እኔ ግን አመላችሁን ስለማውቅ እንደማታምኑኝ አስቀድሜ እምላለሁ፤ ካመናችሁኝ እሰየው፣ ካላመናችሁኝም መሐላዬ እውነት ሆነ ማለት ነው። በሁለቱም በኩል አልከስርም።

ከነገሬ በፊት ስለ ሰልፍ ጥቂት ላውጋችሁ። የዛሬ ሰው ሰልፍ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ የፊተኛው ሰው ማጅራት ላይ እንደ ደመኛው ያፈጥጥበታል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአርማጭሆ ወርደን ሱዳን ለገባነው ለእኛ ግን ሰልፍ የተስፋ ሌላ ስሙ ነበር። ገዳሪፍ አጠገብ ባለው መጠለያችን ሰው ተሰልፎ ካየህ መጀመሪያ ትሰለፋለህ፤ ምን እንደሚታደል የምትጠይቀው ከኋላህ ሌላ ሰው ከቆመ በኋላ ነው። ቀድመህ ከጠየቅህ ቦታህ ሄደ። አባቴ አንዴ ግማሽ ቀን ቆሞ ተራው ሲደርስ ለካ እርጉዝ ሴቶች የሚመረመሩበት ሰልፍ ኖሯል። እንዲያም ሆኖ ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ሳሙና ሰጡት።

የቤታችን የእህል ካርድ አራት ሰው ይላል። አባቴ፣ እናቴ፣ ከእናቴ ጀርባ የማትወርደው ትንሽ እህቴና እኔ። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ፤ መዝጋቢው እግሬን አይቶ አራት ዓመት፣ ራሴን አይቶ ዘጠኝ ዓመት ብሎ፣ በመጨረሻ መካከሉን ጻፈልኝ። እኛ በተመዘገብን በወሩ የአባቴ ታናሽ እህት ዘርፌ በድንበሩ በገላባት በኩል በእግሯ ብቻዋን ደረሰች። ምዝገባው ተዘግቷል አሏት። እንግዲህ የአራት ሰው ማሽላ ለአምስት መሆኑ ነው። ዘርፌ ስትበላ አይታችሁ አታውቁም፤ እኛም አይተን አናውቅም። «በልቻለሁ» ትላለች ገበታ በቀረበ ቁጥር። የት እንደምትበላ እግዜር ይወቅ።

አንድ ሐሙስ አባቴን እንዲህ አለችው።

«አያ፣ እስከ ነገ ካርድ ካላገኘሁ ቅዳሜ በገላባት አድርጌ አገሬ እመለሳለሁ። የልጆችህን አፍ አልሻማም።»

«ምን ቀርቶሽ ነው የምትመለሽው? ምን አለ እዚያ?»

«እሱን ስደርስ አየዋለሁ።»

ዘርፌ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት፤ እዚያ ደግሞ ምንም እንደሌለ ሁላችንም ትተን የመጣነው ነውና እናውቃለን። በማግሥቱ ዋናው መመዝገቢያ ቢሮ ከተማ ነው ሲሉት ሰማና አምስታችንንም ሎሪ ላይ ጭኖ ገዳሪፍ ወሰደን፤ መዝጋቢ ራስ ካልቆጠረ አያምንማ። ቀኑ ዓርብ ነበር። በሱዳን ዓርብ ማለት የእኛ እሑድ መሆኑን የነገረን ሰው የለም። ቢሮው ጥርቅም ብሏል። በሩ ሥር አንዲት ፍየል የማስታወቂያውን ወረቀት ታኝካለች።

ዘርፌ ፍየሏን አየቻት፤ ነጠላዋን አጠበቀችና ፊቷን ወደ ሎሪው መናኸሪያ መለሰች። ያኔ ነው ሰልፉን ያየነው።

ሰልፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ! አናቱ ገዳሪፍ ሆኖ ጅራቱ ከሰላ የደረሰ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ የሰው ወንዝ ነው። አባቴ አልጠየቀም። ተሰለፍን። እናቴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አማተረች፤ ከእሷና ከዘርፌ በቀር ሴት የሚባል ስታጣ ደስታዋን አልቻለችውም።

«ተመስገን! ዛሬስ የሴቶቹ ሰልፍ ባዶ ነው!»

በሩ ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ሰውዬ አባቴ የሰጠውን የእህል ካርድ አገላብጦ አየ። ከዚያ ጆንያችንን አየ። ቀጥሎ እህቴን አየ። ምን እንዳሰበ እንጃ፣ «ተፈደሉ» ብሎ በእጁ ወደ ውስጥ አሳየን። የመጀመሪያዬን የእግር ኳስ ግጥሚያ እንዲህ በእህል ካርድ ገባሁ። ከእናንተ መሐል እንዲህ የገባ ካለ እጁን ያውጣ።

ውስጥ የተቀመጥነው በዐረብኛ እየጮኸ በአማርኛ ከሚራገም አንድ ወፍራም ሰውዬ አጠገብ ነው። ሐጂ ኑሩ ይባላል፤ ከጎንደር መጥቶ ገዳሪፍ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመቱ። አባቴ የአገሩን ቋንቋ ሲሰማ ተጠጋው።

«ጌታው፣ መቼ ነው የሚደርሰን?»

ሐጂ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል፣ «ከዕረፍት በኋላ! ከዕረፍት በኋላ ይለይለታል!» አለው።

አባቴ ተረጋጋና ያስረዳን ጀመር። እናንተ በየሬዲዮው ኳስ ስትተነትኑ ታድራላችሁ፣ አባቴ ግን በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ሃያ ሰው ለአንድ ነገር ከተሻማ እርዳታ ነው። ቀይ የለበሱት የአንድ መጠለያ፣ ነጭ የለበሱት የሌላ መጠለያ ሰዎች ናቸው። ፊሽካ የያዘው ሰልፍ አስከባሪ ነው።

«ያ ብቻውን የቆመው ደግሞ መጋዘን ጠባቂው ነው። አየሽ፣ በእጁ የሚነካው እሱ ብቻ ነው።»

«እንደ እኛው!» አለች እናቴ።

ጥቂት ቆይቶ ቀይ ለባሾቹ ኳሷን መረቡ ውስጥ ከተቷት። ሕዝቡ ከመጮሁ የተነሣ ፋሽጋ ሰሊጥ የሚያርሙ ሰዎች ነጎድጓድ መስሏቸው መጠለያ ፈለጉ። እናቴም ከረጢት ገባ ብላ እልል አለች። ምን ዋጋ አለው፣ መጋዘን ጠባቂው ከከረጢቱ አውጥቶ ወረወረው።

«ኧረ በማርያም! ስንት ሰው የደከመበትን መልሶ ያወጣል?»

«ሳይመዝኑት ይሆናል» አለ አባቴ።

ዕረፍቱ አለፈ። ዘርፌ ፊሽካ የያዘውን ሰውዬ ኪስ ብቻ ነው የምታየው። ልክ ነበረች። አንዱ ነጭ ለባሽ አንዱን ቀይ ለባሽ ጠልፎ ሲጥለው ሰልፍ አስከባሪው ሮጦ መጣና ከኪሱ ካርድ አወጣ። አዲስ፣ ያልታጠፈ፣ ያልቆሸሸ ቀይ ካርድ! ከፍ አድርጎ ለነጭ ለባሹ አሳየው። ሰውየው ግን እምቢ አለ። ራሱን ይዞ ጮኸ፤ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠው።

«አያ! እየሰጡት እምቢ አለ እኮ!»

አባቴ «ቆይ፣ ተራ...» ሲል እሷ የለችም። በሽቦው አጥር ቀዳዳ ሾለከች ብላችሁ አታምኑኝም፣ ስለዚህ ዘለለችው ልበላችሁ። ሜዳው ላይ ስትሮጥ ነው እነዚያ ሁሉ ሰዎች ያን ያህል ሰዓት ሲራመዱ እንደነበር ያወቅሁት። በእኛ ቤት ደግሞ አንዱ ፊት ከደረሰ ሌላው መከተል አለበት። አባቴ በጆንያው፣ እናቴ በእህቴ፣ እኔ በባዶ ሆዴ ተከተልናት። ስንደርስ ዘርፌ የዳኛውን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«እሱ ካልፈለገው ለእኔ ስጠኝ! ዘርፌ ነው ስሜ! አንድ ሰው ነኝ፣ ጻፈኝ!»

ዳኛው ግራ ሲገባው ፊሽካውን ነፋ። ፊሽካ ስንሰማ አባቴ፣ እናቴና እኔ እንደ ልማዳችን አንድ መስመር ሠርተን ተሰለፍን። ዱላ ይዞ የመጣው ፖሊስ እንኳ በማን እንደሚጀምር ጠፋው።

ደግነቱ ሐጂ ኑሩ ጀለቢያውን ሰብስቦ እያለከለከ ደረሰ። አባቴ ሁሉንም ነገረው፤ የአራቱን ሰው ካርድ፣ የዘርፌን «በልቻለሁ»፣ የቅዳሜውን የገላባት መንገድ። ሐጂ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በጥምጣሙ ጫፍ ጠረገ፤ ላብ ነው ይላል።

ካርዱን አገኘች ወይ ትሉኛላችሁ። አገኘች። በማግሥቱ ጠዋት ሐጂ እዚያው ቢሮ ድረስ ወሰዳት። መዝጋቢው ገና ከበሩ ሲያያት ሳቁ አመለጠው፤ ለካ እሱም ኳስ ሜዳ ነበር። ስሟን አልጠየቃትም፣ ጮኻ ስለተናገረችው ገዳሪፍ ሁሉ ያውቀዋል። ገላባትም በዚያው ቀረ፤ ዘርፌ ያን ሳምንት ስትበላ ተሰብስበን አየናት። ሐጂ እስኪያረጅ ድረስ «እኔ ነኝ ያስጻፍኳት» ይል ነበር፤ ውሸቱን ነው። ያስጻፋት ሜዳው መካከል ራሷ የተናገረችውና ሐጂ ወደ ዐረብኛ ገልብጦ ለሕዝቡ የጮኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዳኛው ታጋሽ ሰው ነው፤ ካርዱን ዝቅ አድርጎ ለሐጂ ቀስ ብሎ አስረዳው። ሐጂም ወደ ዘርፌ ዞረ።

«ስሚ ልጄ፣ ይሄ የእህል ካርድ አይደለም። ይሄ ካርድ የወጣበት ሰው ከሜዳው ይባረራል።»

ዘርፌ የዳኛውን እጅ ለቀቀች። ካርዱን አየች፤ ቀጥላ ያን አሁንም ራሱን ይዞ የሚያለቅሰውን ነጭ ለባሽ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጮኸዋል?» አለች። «እኛ ከአገራችን ስንባረር ካርድ እንኳ ያሳየን የለም!»