እንግዶቹን አጥግባ የወደቀችው ማሽን

አንድ ማሽን በሆዱ ሦስት ማሽን ይሸከማል ሲሉኝ አልደነገጥኩም። ምን ያስደነግጣል? እኔ እኮ በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን በቀበሌ ቤት የኖርኩ ሴት ነኝ።

ያን ጊዜ አንዱን ሰፊ ቤት በኮምፖርሳቶ ከፍለው ለሁለት ቤተሰብ ሰጡን። አምፖሉ ግን አንድ ነው። ግድግዳው አናት ላይ ቀዳዳ አበጅተው አንጠለጠሉት፤ እኩሌታው ብርሃን ለእኔ፣ እኩሌታው ለጎረቤቴ ለከድጃ፣ ለአልዩ አምባዋ በርበሬ ነጋዴ። ማብሪያው ያለው በእሷ በኩል! እኔ ጥጥ እየፈተልኩ፣ "ኧረ በነቢዩ ይዤሻለሁ፣ አታጥፊው" እላለሁ። እሷ ደግሞ፣ "ወላሂ፣ ይሄ ክርሽ ሰማይ ሊደርስ ነው እንዴ? ተኚ!" ትልና ቀጭ! ጨለማ። ቢሆንም ሁለታችንም በየበራችን ስንገባ፣ በየራሳችን ቤት እመቤት ነበርን።

ስለዚህ የልጅ ልጄ ሕሊና አንድ ጥቁር ሣጥን ተሸክማ መጥታ፣ "እማማ፣ ይቺ ሰርቨር ናት። ሊኑክስ ጭኜባት፣ ውስጧ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን አቆማለሁ። እያንዳንዱ ብቻውን ያለ ይመስለዋል" ስትለኝ፣ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው። ማብሪያው በማን በኩል ነው?

"በእኔ" አለች እየሳቀች። ጥሩ። ከከድጃ ይሻላል።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ትምህርት ቤት፣ ሠርተሽ አሳዪንና እንቀጥርሻለን ብሏታል። ካልሠራ ሻንጣዋን ይዛ አዲስ አበባ መሄዷ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ እኔ ብቻዬን ልጨርሰው?

አንዱ ለተማሪዎች ውጤት፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለአስተማሪዎች አለችና አስነሣቻቸው። እንግዶች ነው የምትላቸው፤ የተሸከመቻቸውን ደግሞ ባለቤት። ሦስቱም ተነሡ። እልል ልል አፌን ስከፍት ድርቅ! ባለቤቲቱ ወደቀች፤ እንግዶቹም ተከተሏት። ደግማ አስነሣቻት፤ ደግማ ወደቀች። ሊኑክስ የሚሉትን ሰውዬ ረገምኩት። ሰው አይደለም፣ ማሽኗን የሚያሠራት ፕሮግራም ነው አለችኝ። ይሁን፣ እርግማን ማረፊያ አያጣም።

ሕሊና ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቆየችና ግንባሯን መታች። "ሜሞሪውን በሙሉ ለእንግዶቹ አከፋፍዬዋለሁ! ለባለቤቲቱ ምንም አላስቀረሁላትም።"

ይሄኔ ኮራሁ። የጨዋ ልጅ! ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ እንኳ ለእንግዳ አሟጥጣ ሰጠች። እኛ አንኮበሮች እንዲህ ነን። እንግዳ ሲመጣ ድስቱን ጠርገን አቅርበን፣ አንጀታችን እየጮኸ ቆመን እናጎርሳለን።

"እማማ፣ ይሄ ጨዋነት ሳይሆን ስሕተት ነው" አለችና ከእንግዶቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ቆንጥራ ለባለቤቲቱ መለሰችላት። ከእንግዳ አፍ! ዓይኔ እንዳያይ ፊቴን አዞርኩ። መለስ ስል ግን ባለቤቲቱ ቆማለች፤ ሦስቱም እንግዶች ሥራቸውን ይሠራሉ። ማንም ተራብኩ አላለም።

ከትምህርት ቤቱ መጡ፣ አዩ፣ ቀጠሯት። ሻንጣው ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ።

እኔም ነገሩን አሰብኩበት። ለካ ባለቤት ሲወድቅ እንግዳንም ይዞ ነው! በዚህ ፋሲካ ዘመዶቼ ከአንኮበር ሲመጡ፣ መጀመሪያ ጓዳ ገባሁና አንድ እግር ዶሮ ከነእንቁላሉ ጥርግ አደረግሁ። አፌን ጠርጌ ወጣሁና አቀረብኩላቸው። "አንቺስ አትበዪም?" አሉኝ።

"እኔ እኮ በልቻለሁ" አልኳቸው። እንግዳ ፊት ቆሜ ይህን ስናገር፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቴን ሆነ።