ልብስ ሰፊው ሎሚ ቀለሟን መኪና የማረኩበት ዘመቻ

በሠላሳ አንደኛው ዓመተ ስፌት፣ ይኸውም ርእሰ ልብስ ሰፊዎች፣ ሥዩመ መቀስ ወመርፌ፣ በሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ተብለው የሚጠሩት ታላቁ ሰው በእግር የምትረገጠውን የስፌት መኪናቸውን ከመስኮት ሥር አስቀምጠው መንገሥ በጀመሩ በሠላሳ አንደኛው፣ ጉልበታቸው ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረም በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድያ ልጃቸውም አዋላጅ ነርስ ሆና ከከተማ ውጭ ባለው የኮረብታው ጤና ጣቢያ በተመደበች በስምንተኛው ወር የሆነውን ነገር፣ እኔ ጸሐፊው፣ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የወጣሁት፣ ካየሁት ላይ ምንም ሳልጨምር፣ በሰማሁት ላይ ግን ጥቂት ብቻ ጨምሬ ጻፍሁ።

በውእቱ መዋዕል ዘመኑ ዘመነ ሁለት አውቶቡስ ነበረ። ልጅቱ በማለዳ ተነሥታ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቆማ፣ ለሁለተኛው ተሰልፋ፣ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዛ ጤና ጣቢያው ስትደርስ ጫማዋ ከመረገጡ ብዛት ቀለሙ አይለይም ነበር። አንድ ማክሰኞ የሁለተኛው አውቶቡስ ጎማ ፈነዳና ሁለት ሰዓት ዘገየች፤ በዚያውም መካከል አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች፤ ሌላዋ ነርስ በውስጥ ክፍል ከሌላ እናት ጋር ተይዛ ስለነበረ፣ ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ በዘበኛው እጅ ወለደች። እናትም ሕፃንም ደኅና ናቸው፤ ዘበኛውም እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ሐኪም ይራመዳል። ልጅቱ ግን ቤቷ ገብታ እራቷን ሳትነካ ተነሣች፤ በማግሥቱም እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገረች፦ «አባዬ፣ እማዬ፣ እዚያው ጤና ጣቢያው አጠገብ ቤት ልፈልግ ነው። እንዲህ ሆኖ አይቀጠልም።»

ሜትሩ ይህን ሰሙ። በእጃቸው የነበረውንም ሱሪ ሦስት ጊዜ ለኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ የተለያየ ቁጥር ወጣ። የልጅቱ መኝታ ከስፌት ክፍላቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለይ ነውና፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል ስታስል፣ ስታጠና፣ በስልክ ስትስቅ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያም ወዲያ ግድግዳው ምን እንደሚናገር አስበው ይሆናል፤ ጸሐፊው የሰው ልብ አያነብም።

ወእምዝ ልጅቱ ወደ ሥራ ከሄደች፣ ቁርስም ከተበላ በኋላ አዋጅ ወጣ፦ «መኪና እንገዛላታለን። መንጃ ፈቃዱ እንደሆነ አላት። ከዚህ ትወጣለች፣ እዚህ ትገባለች፤ አለቀ።»

በቤቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ እርሷም የምትሰፋው ናት። ስለዚህ ባለቤታቸው፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩትና በቀይ እስክሪብቶአቸው የሚፈሩት እቴጌ ጠመኔ፣ በአዋጁ ላይ አዋጅ ጨመሩ፦ «ይገዛ። ነገር ግን ካጠራቀምነው በላይ የሚጠይቅ ከሆነ በዚህ በር አይገባም። ቤንዚን የሚጠጣም አልፈልግም፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ይሁን። ማታ ሰክተነው ጠዋት ትነሣበታለች።»

እዚህ ላይ ጀግናው ገረጡ። ካውያቸው ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ነዝሯቸው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ሶኬት የሚነቅሉት ፊታቸውን አዙረው ነው። «በባትሪ የሚሄድማ መጫወቻ ነው» ብለው ሞከሩ፤ ዳሩ ግን የእቴጌ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበረና ጸና።

ለዘመቻው የተሰለፈው ሠራዊትም ይህ ነው፦ በፊት ሜትሩ፣ ሜትራቸውን እንደ ኒሻን በአንገታቸው አጥልቀው፤ በቀኛቸው እቴጌ ጠመኔ፣ ደብተር ይዘው፤ በግራቸው ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ቅጽል ስሙ አምፖሉ፣ ባትሪ የሚመረምርበትን ዕቃ በቦርሳ አንጠልጥሎ፤ በኋላ እኔ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ባይዘንብም።

የመጀመሪያው ግንባር አዳዲስ መኪና የሚሸጥበት መስታወት ቤት ነበረ። ወለሉ ከማብረቅረቁ የተነሣ ሜትሩ በር ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ፤ እቴጌ በክርናቸው መለሷቸው። ክራባት ያሰረ ሰው መጥቶ የአንዲቱን ዋጋ ነገረን። እቴጌ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፤ ዋጋው ግን ያው ነበረ። ያን ጊዜ ሜትሩ ክብራቸውን ሳያጎድሉ «ቀለሙን አልወደድነውም» ብለው አወጁ፤ ሠራዊቱም በሥርዓት አፈገፈገ።

ሁለተኛው ግንባር ከአናጺዎቹ ሠፈር ጀርባ፣ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት አቧራማ ግቢ ነው። እርሷም በዚያ ቆማ ነበር፤ ትንሽ፣ ሎሚ ቀለም፣ ሦስት ዓመት የተነዳች፣ በግራ በሯ ላይ ድመት የቧጨረችው የሚመስል ጭረት ያለባት። ሜትሩ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በሩን ለኩ፣ ወንበሩን ለኩ፣ ዕቃ መጫኛውን ለኩ፤ የሻጩንም ትከሻ በልማድ ለኩት። አምፖሉ ባትሪውን መርምሮ «አርጅቷል፣ አልሞተም» ሲል ፈረደ። ሻጩም፣ አፈ ጮሌ ሰው ነበረና፣ «ጋሼ፣ አንዴ ከሞሉት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ልጆቼን» ብሎ ማለ።

ሜትሩም ታላቁን አዋጅ ተናገሩ፦ «ልጆችህን ተዋቸው። የሰው አፍ ሜትር የለውም። ልጄ የምትሄድበት መንገድ ደርሶ መልስ ሰማንያ ሁለት ነው፤ መጨረሻው ዳገት ነው። እኔ ተቀምጬበት፣ አንተም ተቀምጠህበት፣ እናያለን።»

እንዲህም ሆነ። አምፖሉ መሪውን ያዘ፤ ሜትሩ ከፊት ተቀመጡ፤ ሻጩ ከኋላ በእኔና በእቴጌ መካከል እንደ መጽሐፍ ዕልባት ተሰካ። ባትሪው መቶ በመቶ ብሎ ወጣን፤ ሜዳውን ጨርሰን ዳገቱ እግር ስንደርስ ሰማንያ አለ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ እንደ ተበሳ ጆንያ ይፈስ ጀመረ፤ ሰባ አምስት፣ ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ። ሜትሩ ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ ሳይነቅሉ አዋጅ በአዋጅ ላይ ደረቡ፦ ሬዲዮው ይዘጋ፤ ማቀዝቀዣው ይጥፋ፤ ደብተሩም ቢሆን ክብደት አለውና እቴጌ ይጠንቀቁ። ሻጩ በላብ ራሰ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ ሃምሳ ሆኖ ነበር።

ልጅቱ ነጭ ጋወኗን እንደ ለበሰች ከጤና ጣቢያው በር ወጣች። ነገሩ ተገዝቶ እስኪያልቅ ምሥጢር እንዲሆን ታዝዞ ነበርና፣ ሜትሩ መስታወቱን ዝቅ አድርገው «በዚህ ስናልፍ ነው» አሏት። መንገዱ ግን እዚያው በር ላይ ያልቃል።

እርሷም መኪናዪቱን ዞራ አየቻት፤ ጭረቱን በጣቷ ነካችው፤ ከዚያም በአባቷ መስኮት አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ ገብቶኛል። ግን ቤቱን ትናንት ያዝኩት። መኪና ኖረም አልኖረም፣ ተረኛ የሆንኩ ሳምንት እዚሁ ነው የማድረው። ምጥ መንገደኛ አይጠብቅም። ያረፍኩ ቀን ግን በዚህች እመጣለሁ። በአውቶቡስ ቢሆን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ እቀር ነበር።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን ያዘገያል። ሜትሩ ከመኪናው ወረዱ፣ ጎንበስ ብለውም የፊቱን ጎማ ይለኩ ጀመር፤ ጎማ መለካት ለማንም የማይጠቅም ነገር ሲሆን፣ ደጋግመው ለኩት። እቴጌ ጠመኔም ወርደው ያልታጠፈውን የልጃቸውን ጋወን ኮሌታ አስተካከሉላት። በመጨረሻ ሜትሩ ቀና ብለው፣ በንግሥናቸው ዘመን ከወጣው ሁሉ አጭር የሆነውን አዋጅ አወጁ፦

«እሺ። መምጫ ትሁንሽ።»

ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሃምሳ የነበረው ቁጥር ሃምሳ አንድ ሆነ፤ ቀጥሎም ሃምሳ ሦስት። ሜትሩ መኪናው እንዲቆም አዘዙ፤ «እየተቀዳ የሚሞላ ማሰሮ አይቼ አላውቅም። ይህ ሰውዬ አንድ ነገር አድርጓል» ብለውም ሻጩን ከሰሱት። አምፖሉ ግን «ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ ሲያዝ ጎማው ራሱ መልሶ ባትሪውን ይሞላል። ሥራዋ ነው» ሲል መሰከረ። ሜትሩ ይህን ከሰሙ በኋላ እስከ ሜዳው ድረስ እንደ ሙሽራ አጀብ ቀስ ብለን እንድንወርድ አዘዙ፤ ኋላችንም የተቆጡ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ አጀቡን። ግቢው ስንደርስ ሠላሳ ስድስት ቀርቶ ነበር። ሻጩም ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጨፍልቆ ከወጣ በኋላ፣ እቴጌ ደብተራቸውን ሲከፍቱ አይቶ፣ ሳይከራከር ከዋጋው ቀነሰ፤ ምሕረት ይሁን ድካም አልተመረመረም። ያጠራቀሙት በቃ፤ መኪናዪቱም ተማረከች።

በዚያው ምሽት ሜትሩ፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቀው፣ ደረቅ ሳንቃ ላይ ቆመው፣ ገመዱን በገዛ እጃቸው ሰኩ። ፊታቸውንም አላዞሩም። እቴጌ ጠመኔ በደብተራቸው ጠርዝ ላይ በቀይ «ትክክል» ብለው ጻፉ።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ልብሷን በሻንጣ ጭና፣ ቁልፉን ተቀብላ ተነሣች። ሜትሩ «ቀስ ብለሽ» ብቻ አሉ፤ መኪናዪቱ ድምፅ የላትምና መሄዷ የታወቀው ከመንገዱ ጥግ ከታጠፈች በኋላ ነው። ወደ ስፌታቸውም ገብተው የአንድ ባንክ ሠራተኛ ኮት አነሡ። ልጅቱ ደውላ «አባዬ፣ ደርሻለሁ» እስክትል ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ፤ በዚያም ሰዓት ውስጥ ኮቱ ሁለት ግራ እጅጌ አበቀለ።

እንግዲህ የጥንት ኃያላን ድል ባደረጉ ጊዜ ሐውልት አቆሙ፤ የዚህ ኃያል ሐውልት በመስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ያየውም ሁሉ ይደነቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሳተው እጅ ስለ ልጁ ሲል አንድ ሰዓት ከሩብ ሳተ፤ ይህም ከጥበቡ ሁሉ በለጠ። ርእሰ ልብስ ሰፊዎች፣ መዋኤ ዳገት፣ ፈራሄ ሶኬት ሆነው ሳለ ሶኬትን የደፈሩ፣ ልጃቸውን ሊያስቀሩ ወጥተው መንገድ ሰጥተው የተመለሱ ሜትሩ ስማቸው ከፍ ከፍ ይበል፤ ኮቱ ተተርትሮ ዳግም ይሰፋል፤ የስማቸው ስፌት ግን ለዘላለሙ አይተረተርም።