የመውጫ ሰዓት ጥያቄ

በየትኛውም ክፍል፣ በየትኛውም ስብሰባ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንግቶ፣ ከፊሉም በሩ ጋ ደርሶ ሳለ እጁን የሚያወጣ። ጎንደር ባለው የቅዳሜና እሁድ ኮሌጅ ይህን ማዕረግ የያዙት ሊቀ ጠያቂያን አያ ምንዳዬ ናቸው።

የክፍል ጓደኛቸው ዘመናይ እኒህን ሰው አምርራ ትጠላቸዋለች፤ አይፈረድባትም። የምትመጣው ከጎንደር ውጭ፣ ከትክል ድንጋይ ነው። ጡት ያልጣለች ልጅ ስላለቻት ከተማ ማደር አትችልም፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ደግሞ የማንንም ጥያቄ ቆሞ አይሰማም። እሳቸው ምን ቸገራቸው! ቤታቸው ከኮሌጁ አጥር ጀርባ ነው፤ ጫማቸውን አቧራ ሳይነካው እራት ይቀርብላቸዋል።

የስታቲስቲክስ ኮርስ ሲጀመር ነገሩ ጭራሽ ባሰ። መምህር አምሐ የተማሪውን ዕድሜ ሁሉ ደምረው ለተማሪው ብዛት አካፈሉና "የክፍሉ አማካይ ዕድሜ ሠላሳ አንድ ነው" አሉ። ሰው ደብተሩን ዘጋ። እጅ ወጣ።

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆነው ማነው? እስቲ ይነሳና እንየው።"

የተነሳ የለም። አያ ምንዳዬ ድል እንዳደረገ ሰው ዙሪያውን ቃኙ፤ መምህሩም አማካይ ማለት ሰው አለመሆኑን ሲያስረዱ መሸ።

በሳምንቱ ሚዲያን መጣ። መምህሩ ተማሪውን ከአጭር እስከ ረጅም አሰልፈው "መሐል ላይ የቆመው ሰው ቁመት ሚዲያን ይባላል" አሉ። አያ ምንዳዬ ሰልፉን ቢቆጥሩት ጥንድ ሆኖ አገኙት።

"መሐሉ ላይ እኮ የቆመ የለም! ባዶ ነው!"

ያን ቀን ዘመናይ አገሯ የገባችው በአይሱዙ ጋቢና ነው። ልጇ አልቅሳ አልቅሳ ተኝታ ጠበቀቻት። በልቧ ያወረደችባቸውን ስድብ እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

ትልቁ ወንጀል የተፈጸመው ግን ኳርታይል የተማሩ ቀን ነው። መምህሩ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ክፍል ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት አስጻፉ፤ ቁጥሩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው አራት ቦታ ከፈሉት፤ መክፈያዎቹንም ኳርታይል አሏቸው።

"ሦስቱ ሩብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ የማጠቃለያ ፈተናው ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሲል በሩ ይዘጋል፤ የቀረ ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል።"

ዘመናይ ክው አለች፤ ከአገሯ የመጀመሪያው ሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በፊት አይነሳም። ልትናገር አፈረች፤ ሚኒባሱም ሊያመልጣት ነው። ቦርሳዋን አንግታ ብድግ ስትል፦

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ።"

"ኤጭ!" አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

"የመጨረሻው ሩብስ? ደግሞ ይቺ ልጅ አንድ ሰዓት ብላ የጻፈችው መንገዱን ብቻ ነው። መኪናው እስኪሞላ ያለውን ማን ቆጠረው? የትክል ድንጋይ መኪና ሳይሞላ ተነስቶ ያውቃል?"

እውነት ነው፤ ማንም አልቆጠረውም፤ ራሷ ዘመናይም። በዚያ አገር መንገድ የሚባለው ጎማው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያለው ነው። መምህሩ ግን ብዙ ተከራክረው ሲደክማቸው "ፕሮግራሙ አንዴ ተለጥፏል" ብለው ወጡ። ከክርክሩ የተገኘው ትርፍ ሚኒባሱ ማምለጡ ብቻ ነው።

"ምነው አያ ምንዳዬ፣ ምን በደልኩዎ?" አለቻቸው ደጅ ላይ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ጥያቄውስ ሸጋ ነበር" አሏት።

የፈተናው ቀን ሚኒባሱ አንድ ሰው ጎደለው። ረዳቱ ጮኸ፣ ሹፌሩ ቁርሱን በላ። ዘመናይ የባዶውን ወንበር ከፍላ ስታስነሳው ረፍዷል። ጎንደር ወርዳ ሮጠች፤ ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ግቢው ጭር ብሏል። በልቧ ኮርሱን ደገመችው።

በሩ ግን አልተዘጋም። ሊዘጋም አይችልም፤ ሊቀ ጠያቂያን አንድ እግራቸውን ውስጥ፣ አንድ እግራቸውን ውጭ አድርገው ደፉ ላይ ቆመዋል። መምህር አምሐ እጀታውን እንደያዙ ላብ አጥምቋቸዋል።

"እሺ፣ ስም ከላይ ይጻፋል። የአባት ስም ግን እዚያው መስመር ላይ ነው ወይስ ከሥሩ?"

"አያ ምንዳዬ፣ በፈጠረዎ!"

አያ ምንዳዬ ዞር ሲሉ ዘመናይ እያለከለከች ስትመጣ አዩ። እግራቸውን ከደፉ አነሱና መንገድ ለቀቁላት።

"በቃ መምህር፣ ገባኝ" አሉ።

ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ይህን ቃል ሲሉ የተሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው።