ሸኚ ደብዳቤ የሌለው ቤዝ

አንድ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሠራ ባይታወቅ ምንም አይደለም፤ መዝሙር ከሌለው ግን በምን ዓይኑ ሰው ፊት ይቀርባል? ይህን ከባድ ጥያቄ ለመመለስ የአመራር ጉባኤው ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ በአራተኛው ቀን ወሰነ። ግጥሙን የዕቅድ ክፍሉ አዘጋጀ። ራእይ፣ ተልእኮና እሴት አንድም ሳይቀር ገቡበት፤ አዝማቹም «ቅልጥፍና፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ወዘተ» የሚል ሆነ። በድምፅዋ ተመርጣ ከግዥ ክፍል የመጣችው ዘፋኝ «ይቺን ወዘተ እንኳ ብንተዋት?» ብላ ጠይቃ ነበር። በጉባኤ የጸደቀ ወዘተ በግለሰብ እንደማይሰረዝ ተነገራትና አራት ጊዜ እየደጋገመች ዘፈነችው።

ድምፁን የማዋሃዱና ለጆሮ የማብቃቱ ታላቅ ኃላፊነት የወደቀው በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ላይ ነው። ይህ ሰው ቀን ቀን ከምድር በታች ባለ መስኮት አልባ ክፍል ፋይል ሲደረድር ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ መኝታ ቤቱ ውስጥ ባቋቋመው ስቱዲዮ ሙዚቃ ሚክስ ያደርጋል። ስቱዲዮ ስንል አንድ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ስፒከር፣ ግድግዳው ላይ የተቸነከሩ ሁለት ብርድ ልብሶችና በሩ ላይ የተለጠፈ «እባክሽ አንኳኪ» የሚል ወረቀት ማለታችን ነው። ቤዝ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ የበዛበት ሙዚቃ ላይ የሚደርስበት ስለሌለ ሰፈሩ «ባለ ቤዙ» ይለዋል። ዳይሬክተሩም ይህንኑ ሰምተው አስጠሩትና «ይህን መዝሙር አሳምርልኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አዛውርሃለሁ» አሉት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አምፖል ሲያይ የኖረ ሰው ይህን ሰምቶ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

ከስቱዲዮው ዕቃ ሁሉ ዋነኛው ግን የእሱ ሳይሆን የሚስቱ ነው። ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማዶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ባለ መስታወት ቡፌ አለ። በውስጡ አክስቷ ለሠርጓ የሰጠቻት፣ አንገታቸው የቀጠነ፣ አፋቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ ስድስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እንግዳ ካልመጣ አይነኩም፤ እንግዳ ሲመጣም «ለሌላ ጊዜ» ተብለው ይታለፋሉ። መኝታ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ቤዙን አንዱ ጥግ ላይ ያበዛዋል፣ ሌላው ጥግ ላይ ያጠፋዋል። ስለዚህ ባለ ቤዙ ከገዛ ጆሮው ይልቅ ብርጭቆዎቹን ያምናል። ቤዙ ልክ ሲሆን በስተግራ ያለችው የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ብቻ ዝዝዝ ትላለች። ሁለተኛዋ ከተከተለች በዝቷል፤ ሁሉም ዝም ካሉ ጎድሏል።

«አንደኛዋ ብቻ?» ብሎ ይጮኻል ከመኝታ ቤት።

«አንደኛዋ ብቻ!» ትላለች ሚስቱ ከሳሎን፣ ዓይኗን ከቡፌው ሳትነቅል።

የመሥሪያ ቤቱም መዝሙር በዚሁ ሳይንሳዊ መንገድ ተጠናቀቀ። እውነት ለመናገር ግሩም ሥራ ነበር። «ወዘተ» ራሷ እንኳ ከቤዙ ጋር ስትመጣ ትርጉም ያላት ትመስላለች።

በማግስቱ ይዞት ሲሄድ የዳይሬክተሩ ጸሐፊ እጁን አየችው። «ሸኚ ደብዳቤው የታለ?»

«ዘፈን እኮ ነው እትዬ።»

«ዘፈንስ ቢሆን?» አለችና፣ ያለ ወትሮዋ ራርታ አስገባችው።

ዳይሬክተሩ መዝሙሩን ስልካቸው ላይ አስጫኑ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በክብር አኖሩት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሁለቱ ምክትሎቻቸውም ተከትለው ጨፈኑ። የስልኩ ስፒከር የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች። ከእሷ ቤዝ መጠበቅ በሻይ ማንኪያ ገላ እንደ መታጠብ ነው። መዝሙሩም በቀጭኑ ጢው ጢው ብሎ አለቀ።

«ቤዙስ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አለ፣ ክቡር ዳይሬክተር። ስልኩ ነው የማያወጣው።»

«የትኛው ስልክ?»

«ይኸው፣ የእርስዎ…»

«ይህ ስልክ ከተገዛ ገና ወር አልሞላውም!»

ምክትሎቹ ስልኩን ከግራም ከቀኝም አዩትና ወር እንዳልሞላው አረጋገጡ።

«የጆሮ ማዳመጫ ይዤ መጥቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያደርጉት…»

«እኔ መስማት የምፈልገው ሠራተኛው የሚሰማውን ነው። ከሠራተኛው ተነጥዬ ጆሮዬን አልደፍንም!»

ለዚህ አባባል ምክትሎቹ አጨበጨቡ። ወዲያውም ቤዙ በሠላሳ በመቶ ከፍ እንዲል አቅጣጫ ተሰጠ።

ባለ ቤዙ በሠላሳ በመቶ ከፍ አደረገው። ሚስቱ ከሳሎን «ሁለተኛዋ! ሦስተኛዋም!» እያለች ስትጮኽ የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ቀስ እያለች እስከ መደርደሪያው ጠርዝ ተራመደች፤ ቡፌው ሲከፈት ወለሉ ላይ አረፈች። በማግስቱ ዳይሬክተሩ በዚያው ስልክ ያንኑ ጢውታ ሰሙና «መሻሻል ይታያል፤ ሆኖም ብዙ ይቀረናል» አሉ። እጥፍ እንዲሆን ታዘዘ። በእጥፉ ሁለት ብርጭቆዎች ሄዱ።

«የቀሩትን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ላስገባቸው» አለች ሚስቱ ስብርባሪውን እየጠረገች።

«እነሱን ካነሳሽብኝ በምን እለካለሁ?»

«ልኩን ካለፍከው ሰነበትክ እኮ! አሁን የምትለካው ምኑን ነው?»

ባለ ቤዙ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ማፈሩን አፍሯል፤ የሠራውን ጥሩ ነገር በገዛ እጁ እያበላሸ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ያ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። ብርጭቆዎቹን እዚያው እንዳሉ ተዋቸው።

በሦስተኛው ጊዜ ዳይሬክተሩ ሰምተው ሲያበቁ ሆዳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ቤዝ ማለት እዚህ ጋ የሚሰማ ነው። እኔ እዚህ ጋ ምንም አልተሰማኝም። እስከ መጨረሻው ክፈተው!»

«ክቡር ዳይሬክተር፣ በትልቅ ስፒከር ሲከፈት አደጋ አለው።»

«ልማት ያለ አደጋ የት ታይቷል?» አሉ። ምክትሎቹ የትም እንዳልታየ መሰከሩ። እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ሁለት ብርጭቆዎች አብረው ወደቁና በቡፌው ውስጥ አንድ ብቻዋን ቀረች።

መዝሙሩ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። በሦስተኛው ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው አዳራሽ፣ ቁመታቸው ሰው የሚያህል አራት የኪራይ ቤዝ ስፒከሮች ቆሙ። የክብር እንግዳው፣ ዳይሬክተሩና ምክትሎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ባለ ቤዙ ከኋላ ሆኖ መክፈቻውን ነካ።

«ቅልጥፍና» ሲባል ጠረጴዛው ላይ ያሉት የውሃ ጠርሙሶች ጉዞ ጀመሩ። «ግልጽነት» ላይ የክብር እንግዳው መነጽር ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ወረደ። «ተጠያቂነት» ላይ ዳይሬክተሩ ደረታቸውን ይዘው «የሀገር ፍቅር ስሜት ነው መሰለኝ» አሉ። «ወዘተ» ላይ ኮርኒሱ ወረደ። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቆርቆሮም ተንሸራቶ ሄደና ጥርት ያለ ሰማይ ታየ። ደግነቱ፣ ከክብር እንግዳው ባርኔጣ በስተቀር የተጎዳ የለም። ሠራተኛው ሁሉ የፕሮግራሙ አካል መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

አጣሪ ኮሚቴ ለመቋቋም ሰዓትም አልፈጀበት። ኮሚቴው ስፒከሮቹ ለባለቤታቸው ስለተመለሱ መዝሙሩን ከዋናው ምንጭ፣ ማለትም ከዳይሬክተሩ ስልክ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አዳመጠ። የደረሰበትንም ያለ አድልዎ አሰፈረ፤ በመዝሙሩ ውስጥ ኮርኒስ ቀርቶ ዝንብ የሚያነቃንቅ ቤዝ አልተገኘም። ስለዚህ ኮርኒሱን ያወረደው ጭብጨባው ነው። ሠራተኛው ለወደፊቱ በሁለት ጣት ብቻ እንዲያጨበጭብ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቤዝ በማጉደሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው፣ ዘወትር ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በሚተከሉ ስፒከሮች የሚሰማው መዝሙርም ቤዙ አሁን ካለበት በእጥፍ እንዲያድግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ባለ ቤዙ ማስጠንቀቂያውን ይዞ ቤቱ ገባ። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ እጁ ግን እምቢ አለው። ሚስቱ የቀረችውን አንድ ብርጭቆ ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። አላንኳኳችም።

«ሕንፃው እኮ ሊፈርስ ነው» አላት። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«እስቲ ወረቀቱን አምጣው።» አሥራ አምስት ዓመት በሌላ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና የሠራች ሴት ናት። ማስጠንቀቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበችና «እስካሁን ስትወስድላቸው ከምን ጋር ነው?» አለችው።

«እንዴት ከምን ጋር? ዘፈኑን ነዋ።»

«ባዶውን?»

«ምን ባዶ አለው? ዘፈን አለበት!»

ሚስቱ አንገቷን ነቀነቀች። ከወንበሩ አስነሳችውና ራሷ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። «ጉዳዩ፦ ቤዝ ከፍ ማድረግን ይመለከታል። በክቡርነትዎ በተሰጠው የላቀ አቅጣጫ መሠረት ቤዙ በመቶ ሃያ በመቶ እንዲያድግ የተደረገ መሆኑን እየገለጽን፣ በአድማጭ ሆድ ላይ ለሚፈጥረው ስሜት ከወዲሁ ጥንቃቄ ይደረግ ዘንድ እናሳስባለን።» ግልባጭ ለሁለቱም ምክትሎች አለች። ከዚያ ዞር ብላ «በል እንግዲህ፣ የመጀመሪያውን አያይዝ» አለችው።

«የቱን የመጀመሪያ?»

«አንደኛዋ ብርጭቆ ብቻ ያለችበትን።»

በማግስቱ ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ስታይ ፊቷ በራ። መዘገበችው፤ ቁጥር ሰጠችው፤ አስገባችው። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡና ስልካቸውን ከፈቱ። ያው ጢውታ ወጣ። ገና መጀመሪያው ላይ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አሁን ገና!» አሉ። «ኧረ ቀንሰው! አንጀቴ ድረስ ዘለቀ እኮ!»

አንደኛው ምክትል ጠረጴዛውን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ሁለተኛው፣ ግልባጩን በደንብ ያነበበው፣ ለጥንቃቄ ከመስኮቱ ራቀ። ከዚያም ሁሉም በሁለት ሁለት ጣት አጨበጨቡ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መዝሙሩ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ በልኩ ይሰማል፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ይሰማዋል፤ አንድም ነገር አልወደቀም። ዝውውሩም በሳምንቱ ጸደቀ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀድሞ አዳራሽ የነበረው ክፍል ተሰጠው። ዳይሬክተሩ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ቆርቆሮው እስኪጠገን ድረስ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ይገባበታል።

ባለ ቤዙ የዝውውር ደብዳቤውን ይዞ እየሮጠ ቤቱ ገባና ለሚስቱ አነበበላት። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከቡፌው የቀረችውን አንዷን ብርጭቆ አወጣች፤ ውሃ ቀዳችበትና ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ለሁለታችን ናት» አለችው። «የመጀመሪያ ቀን ደብዳቤ ጻፊልኝ ብትለኝ ኖሮ በየራሳችን ብርጭቆ እንጠጣ ነበር።»