ለእናቴ አፍንጫ ብዬ

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የምንሆነውን መቼም ታውቁታላችሁ። ዓመት ሙሉ ሲጢጥ ሲል የኖረ በር ያን ዕለት ዘይት ይቀባል፤ አልጋ ቦታ ይቀይራል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ አፉ ተሸርፎ ስንጠጣበት የኖርነው ብርጭቆ ድንገት ያሳፍረናል። እንግዳው ግን አንዱንም አያይልንም። ደክሞት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እኔ እንዲያውም ሰው የሚጎዳው በእንግዳው ሳይሆን በዝግጅቱ ነው ባይ ነኝ። አንብቤ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ለማስተማር መቀሌ ተመድቤ መጣሁ፣ ለምለምን አገባሁ፣ ሴት ልጅ ወለድን። እናቴ በሠርጋችን ጊዜ አሟት ስለቀረች ከአማቶቼ ጋር ተያይታ አታውቅም ነበር። ለልጃችን ክርስትና ግን በአውሮፕላን ልትመጣ ሆነ፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ። በስልክ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፦ «ከዚያ ነገር ስወርድ ፊትህን ካላየሁ በመጣሁበት ተመልሼ እሳፈራለሁ።» እናቴን ስለማታውቋት ነው እንጂ ትሳፈራለች።

አማቴ አቦይ ተስፋይ «የኔ እንግዳ በታክሲ? ሰውስ ምን ይለኛል!» ብለው ፒካፓቸውን ሊያወጡ ወሰኑ። ስለዚህች ፒካፕ ክፉ የተናገረ ሰው እሳቸው ቤት ሁለተኛ ምሳ አልበላም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረችኝም ይላሉ፤ እኔም አዎ እላለሁ፣ ልጃቸውን ሰጥተውኛላ። በዋዜማው አጥበው፣ ቤንዚን ጢም አድርገው አስሞሏት።

ጠዋት እሳቸው ቤት ስደርስ የነዳጅ ታንከሯ አፍ አካባቢ ቤንዚን ይሸታል። እናቴን ደግሞ የቤንዚን ሽታ ገና ከሩቁ ያጥወለውላታል። አቦይ ኮታቸውን ሲለብሱ አንድ ፌስታል አመጣሁ፣ አራት እጥፍ አጠፍኩ፣ ከክዳኑ ሥር ወተፍኩና አጥብቄ ዘጋሁት። ሽታው ድርግም አለ። የዚያን ጠዋት ራሴን እንዴት እንደወደድኩት አልነግራችሁም።

ሮማናት አደባባይ ስንደርስ ፒካፗ አንድ ሁለቴ ተንገራገጨችና ጠፋች። አቦይ ቁልፉን አዞሩ፤ ተነሣች። «እሰይ» ብለን ሳንጨርስ ጠፋች። ደገሙ፤ ተነሣች፣ ጠፋች። ከኋላችን ያለው ታክሲ ክላክሱን ለቀቀው። የመቀሌ ሰው ደግሞ የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ የጀመረውን ሻይ ትቶ ይመጣል። በአንድ ጊዜ ስምንት መካኒክ አገኘን፣ ስምንቱም ሌላ ሥራ ያላቸው። ያ ክላክስ ሲያደርግ የነበረው ባለታክሲ ኮፈኑን ከፍቶ «ካንዴላ ነው!» ብሎ መፍታት ጀመረ። አንዱ ደግሞ «ለመሆኑ ቤንዚን አላት?» ቢል አቦይ ተቆጡ።

«ኣታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ክፈትና አሳየው!» አሉኝ።

ከፍቼ አሳየሁት፤ እስከ አፏ ሙሉ። ፌስታሌንም በጥንቃቄ መልሼ ዘጋሁ። ካንዴላዎቹ ተጠርገው ተመለሱ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ፒካፗ ተነሣች፤ አልጠፋችም! አጨበጨብን። ባለታክሲው አንገቱን እንዳቀና ወደ መኪናው ተመለሰ።

አውሮፕላን ማረፊያው ወዳለበት ወደ ቁሓ የሚያወጣውን ዳገት ስናጋምስ ጠፋች። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመልንና ገና ሳናስረዳው «ፊልትሮ» አለ። እሱ ፊልትሮውን አውጥቶ እፍ ሲል አቦይ «ቤንዚኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንዳይሆን እይ» አሉኝ። ከፈትኩ፣ አየሁ፣ ወትፌ ዘጋሁ። ተነሣች! ሾፌሩን አቅፌ ሳምኩት፤ ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም።

ቁሓ ልንደርስ ስንል ጠፋች። በዚህ ጊዜ የሚረዳን ሰው አልነበረም። ድንገት ከላያችን አንድ ነገር አጓራ፤ ቀና ስል አውሮፕላኑ ጎማውን አውጥቶ ይወርዳል። እናቴ በላያችን አለፈች።

መንገዱ ዳር ወጥቼ፣ ታየኝ ይመስል፣ ሁለት እጄን አወዛውዝላት ጀመር። ዞር ስል አቦይ ራሳቸው የታንከሩን ክዳን ይዘዋል። ሲፈቱት ታንከሩ «ፉሽሽ» ብሎ አየር ሳበ። ክዳኑ ላይ የተጣበቀውን ፌስታል በሁለት ጣታቸው አነሡት።

«ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«እናቴን... እንዳይሸታት ብዬ...»

«ቤንዚን ሲወጣ አየር መግባት አለበት፣ ወደይ። ለዚያ ነው ክዳኑ ቀዳዳ ያለው። እስትንፋሷን እኮ ነው የዘጋህባት!»

ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ በራልኝ። ታንከሩን በከፈትኩ ቁጥር ትተነፍሳለች፣ ትነሣለች፤ እኔ ደግሞ ተንከባክቤ እንደገና አንቃታለሁ። ካንዴላውም ፊልትሮውም በሰው ኃጢአት ነው የተፈቱት። አቦይ ፌስታሉን ኪሳቸው ከተቱ። «ግባ» አሉኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሰው ሳስቷል። እናቴ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ፣ «የመመለሻው በየት በኩል ነው?» እያለች ጥበቃውን ታፋጥጠዋለች። ሮጬ ተጠመጠምኩባት። ከስንት ዓመት በኋላ የእናቴን አንገት ሳምኩ!

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች፣ አንዴ እኔን አንዴ አቦይን እያየች።

ልናዘዝ አፌን ስከፍት አቦይ ቀደሙኝ። «ይቅርታ ሓፍተይ፣ እኅቴ። መኪናዬ አርጅታለች፤ መንገድ ላይ አሳፈረችኝ።»

ሃያ ዓመት ከአፋቸው ያልወጣ ቃል ነው። ዕንባዬ መጣ፤ እናቴ በናፍቆት መስሏት በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

ከዚያ ሻንጣዋን ከፈት አድርጋ አንድ ቆርቆሮ አወጣችና በሁለት እጇ ለአቦይ ሰጠች። «የቤት ቅቤ ናት። እንዳትሸት ብዬ ከክዳኗ ሥር ፌስታል አጥፌ ወትፌባታለሁ።»

አቦይ ቆርቆሮዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ያቺን ፌስታል አወጡ። ከዚያ ፒካፓቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ «ምን አልኩ?» ትላለች፤ እስካሁንም የነገራት የለም።

በመልስ መንገድ መኪናው ውስጥ ቤንዚኑ ይሸታል። እናቴ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ «እንዴት ያለች ደህና መኪና ናት!» አለች። አቦይ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። ቤት እስክንገባ አንዴም አልጠፋችም።