የታሸገው ጨዋታ ገማች ኮሚቴ

ጎንደር ብዙ ነገር ጠብቃ ለትውልድ አስተላልፋለች። ግንቡን ጠብቃለች፣ ታቦቱን ጠብቃለች፣ ቂሙንም ቢሆን በመጠኑ ጠብቃለች። ፕላስቲኩ ያልተቀደደ የጃፓን የቴሌቪዥን ጨዋታ ግን አልነበራትም። ይህን ታላቅ ጉድለት የሞሉልን የቁስቋሙ አቶ አምሐ ናቸው። ስማቸው ይክበር፤ ለአንዲት ሳጥን ሲሉ የከፈሉትን መሥዋዕትነት ደግሞ እንደሚከተለው እንዘክራለን።

ነገሩ የተጀመረው ኢታማር በመጣ ጊዜ ነው። ኢታማር የአቶ አምሐ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ወደ እስራኤል ሲሄድ አብሮ ሄዶ እዚያው ጎልምሷል። የአባቱን መንደር ሊያይ መጥቶ ሁለት ሳምንት ሰነበተና፣ ሲመለስ አንድ ትልቅ ቦርሳ ለአቶ አምሐ ተወላቸው። በቦርሳው ውስጥ አንድ አሮጌ የጨዋታ ማሽን፣ አሥራ አንድ ካሴት፣ አንድ ደግሞ ከነላስቲኩ የታሸገ ሳጥን ነበር። በሳጥኑ ላይ ጸጉሩ እንደ ጃርት የቆመ፣ ሰይፍ የያዘ ጎልማሳ ተሥሎበታል።

«ወጣት ሳለሁ የሰበሰብኳቸው ናቸው» አለ ኢታማር። «ተጫወቱበት፤ ሸጋ ነገር ነው።»

አቶ አምሐ ሊጫወቱ ነበር። ነገር ግን አስተዋይ ሰው ናቸውና አስቀድመው በስልካቸው አጣሩ። እንዲህ ያለ ያልተከፈተ ጨዋታ ባሕር ማዶ በአንድ ቪላ ዋጋ ተሸጠ የሚል አነበቡ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ቦርሳው ቀርበው አያውቁም።

የመጀመሪያው እርምጃ ጥበቃ ነበር። የባለቤታቸው የወይዘሮ ሸዋረግ ላም ኮሶዬ ገጠር ካለው ወንድማቸው ዘንድ ትረባ ነበር፤ የአባታቸው ውርስ ናት። አንድ ቀን አራት ሰዎች እያቃሰቱ የብረት ካዝና ተሸክመው ገቡ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ።

«ላምሽ ናት» አሉ አቶ አምሐ። «ማለቴ፣ ተለውጣ ነው።»

«ላሚቱ ትታለባለች። የዚህ ምኑ ይታለባል?»

«ዋጋው!»

«ጥጃውስ?»

«ጥጃው ማጓጓዣ ሆነ።»

ወይዘሮ ሸዋረግ ሦስት ቀን አልተናገሩም። አቶ አምሐም ለታሸገ ዕቃ እጅግ የሚስማማ ጸጥታ ነው ብለው አደነቁ።

ሁለተኛው እርምጃ ማረጋገጫ ነበር። ፒያሳ ስልክ የምትጠግነው ነጃት፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከአሥር ስንት እንዳገኘ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከሌለው ማንም እንደማይገዛው ነገረቻቸው። አቶ አምሐ ምስክር ወረቀት ከሩቅ አገር መለመን ለከተማዋ ክብር አይመጥንም ብለው በሳምንቱ እሳቸው ሰብሳቢ የሆኑበት ኮሚቴ አቋቋሙ። አንዱ አባል የኔታ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ በደብሩ የታወቁ ቁም ጸሐፊ። ሁለተኛው ላሚቱን ያሻሻጡት የከብት ደላላ አያ ምንዳዬ ናቸው፤ ዋጋ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም ተብለው ተመረጡ። ስለ ጨዋታው በእርግጥ የምታውቀው ነጃት ብቻ ስለነበረች፣ የኮሚቴው ገለልተኛነት እንዳይጓደል ድምፅ የሌላት ታዛቢ ሆነች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። አቶ አምሐ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ አባላት! የዛሬው ዕለት፣ ያልተከፈተውን በጋራ የማንከፍትበት ታሪካዊ ዕለት ነው።»

ተጨበጨበ። የኔታ ሳጥኑን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው በላዩ ያለውን የጃፓን ጽሕፈት ረዘም ላለ ጊዜ መረመሩ።

«ግእዝ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። ይህ የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ግኝት ሆኖ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

አያ ምንዳዬ በበኩላቸው ከአሥራ አንዱ ካሴቶች አንዱን አነሡና ከሥሩ የተደረደሩትን ቢጫ ብረቶች በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «ጥርሱ ደህና ነው። ገና ወይፈን ነው» አሉ። ወደ ታሸገው ሲደርሱ ግን ፊታቸው ከበደ። «እኔ እኮ አፉን ያላየሁትን ከብት ገምቼ አላውቅም፣ አምሐ። ምነው ትንሽ ብንከፍተው?»

«ከተከፈተ ዋጋ የለውማ!»

«ካልተከፈተ ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ባለመታወቁ ነው የተወደደ!»

አያ ምንዳዬ አርባ ዓመት ገበያ ውለው እንዲህ ያለ ሻጭ አላጋጠማቸውምና በአድናቆት እጅ ነሡ። ነጃት እጇን አወጣች።

«ጋሽ አምሐ፣ ይሄ ታሪክ ያለው ጨዋታ ነው። ልጁ ከመንደሩ ተነሥቶ ያገኘውን ሁሉ እያነጋገረ፣ እየታገለ፣ እየበረታ ነው የሚሄደው። ስልሳ ሰዓት ይፈጃል። የተሠራው ሰው እንዲጫወተው...»

«ከአጀንዳ ውጪ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

ከሦስት ሰዓት ክርክር በኋላ ከአሥር ዘጠኝ ተኩል ተሰጠው። ግማሿ የተቀነሰችው ትዕቢት እንዳይሰማው ነው።

የኔታ የምስክር ወረቀቱን በብራና ላይ ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀባቸው። በጥቁርና በቀይ ቀለም ጻፉት፣ ዳር ዳሩን ሐረግ ጣሉበት፣ ጸጉረ ጃርቱን ጎልማሳ ዐይኑን አጉልተው ሣሉት፤ ሰይፍ ይዞ በእግር መሄዱ ስላሳዘናቸውም ነጭ ፈረስ ጨመሩለት። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው፣ በዚህ ሳጥን ውስጥ ያለውን ከቶ ያላየነው ስለሆነ፣ እጅግ ውድ መሆኑን በአንድ ድምፅ እንመሰክራለን።» ብራናው በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ገዢም መጣ። አቶ ሞሪሺታ የሚባሉ ጃፓናዊ ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው እዚሁ አገር ሒሳብ ያስተማሩ፣ የሰሜን ተራሮችን ሊያዩ መጥተው ስልካቸው ተሰበረና ነጃት ዘንድ ገቡ። እሷም ስለ ሳጥኑ ነግራ ይዛቸው መጣች። ኮሚቴው በሙሉ ተጠራ፤ ካዝናው ተከፈተ፤ ሁሉም ተነሥቶ ቆመ።

አቶ ሞሪሺታ ሳጥኑን አዩና ሳቁ። «ይሄ!» አሉ ጥርት ባለ አማርኛ። «ይሄ እኛ አገር የሌለበት ቤት አልነበረም እኮ! እናቴ ሁለቱን ጥላብኛለች።»

የኔታ አማተቡ። እንግዳው ግን ዐይናቸው ግድግዳው ላይ አርፎ ቀረ፤ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ባሪያዎ» አሉ የኔታ።

«ይህን ልግዛ። ሳጥኑ ይቅርብኝ።» ዋጋም ጠሩ።

«በላም ስንት ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ።

«ሁለት፤ ከነጥጆቻቸው» አሉ አያ ምንዳዬ ሳያመነቱ።

አቶ አምሐ እጃቸውን ዘረጉ። «በፍጹም! በመጀመሪያ፣ ይህ ምስክር ወረቀት እውነተኛ ለመሆኑ ምን ምስክር ወረቀት አለው?»

«እኔው ነኝ እኮ የጻፍኩት!» አሉ የኔታ።

«የኔታ፣ እርስዎ በጉዳዩ ስላሉበት አስተያየት መስጠት አይችሉም።»

ጥያቄው ከባድ ነበርና ኮሚቴው ለዝግ ስብሰባ ወደ ውስጥ ክፍል ገባ። ሳሎን ውስጥ ወይዘሮ ሸዋረግ፣ ነጃት፣ እንግዳውና ሳጥኑ ቀሩ።

«ለመሆኑ ጨዋታው ደስ ይላል?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ።

«እኔ በሱ ምክንያት ፈተና ወድቄአለሁ» አሉ አቶ ሞሪሺታ፣ ትዝታው ፊታቸውን እያበራው።

ወይዘሮ ሸዋረግ ማድ ቤት ገብተው የሽንኩርት ቢላዋ ይዘው ተመለሱ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ኮሚቴው፣ ለምስክር ወረቀቱ ምስክር ወረቀት እንዲጻፍ ወስኖ በክብር ብቅ አለ። ግድግዳው ላይ ሚስማር ብቻ ቀርቷል። ላስቲኩ መሬት ላይ ተጥሏል። ነጃት ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሽቦ ታስተካክላለች፤ አቶ ሞሪሺታ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ይተረጉማሉ፤ ወይዘሮ ሸዋረግ በጨዋታው መንደር ሳያንኳኩ ሰው ቤት ገብተው እንስራ ይሰብራሉ።

«ብራናው የት አለ?» አሉ አቶ አምሐ።

«ሸጥኩት።»

«ሳጥኑ... ሸዋረግ! ዋጋው ወደቀ እኮ!»

«ዞር በል፣ ጋረድከኝ!»

የኔታ ጠጋ አሉ። «የሰው እንስራ የሚሰብር፣ ይህ ጀግና ነው ወይስ ወንበዴ?»

«ውስጡ ወርቅ አለ፣ የኔታ።»

«እንዲያ ከሆነስ» አሉና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ።

አቶ አምሐ እዚያው ቆመው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ጨዋታው በአስቸኳይ ይቁም የሚል። የኔታ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ተቃወሙ። አያ ምንዳዬም ተቃወሙ። የሰብሳቢው ተራ ሲደርስ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ከአንድ ዋሻ አፍ ሦስት ራስ ያለው ዘንዶ ብቅ አለና አቶ አምሐ እስከ ቁስቋም በር በተሰማ ድምፅ «ሸዋረግ፣ በስተግራሽ! በስተግራሽ በይው!» ብለው ጮኹ።

በቃለ ጉባኤው ላይ ሰብሳቢው ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረጉ ተመዝግቧል።