ገና ያልተወለደችው ልጅ

ዕድገት ሲመጣ በር አያንኳኳም፤ በካርቶን ታሽጎ ይገባል። የልደት ምዝገባ ቢሯችንም አንድ ሰኞ ጠዋት ስድስት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ደረሱት። ኃላፊያችን፣ ሩቁን ሲያዩ አፍንጫቸው ሥር ያለው የሚያመልጣቸው ታላቅ ሰው፣ ሪባን ቆርጠው "ከዛሬ ጀምሮ በወረቀት መሥራት ክልክል ነው!" አሉ። አጨበጨብን።

ችግሩ ትንሽ ነበር። የምዝገባው ፕሮግራም ከብዙ ዓመት በፊት ለድሮ ኮምፒውተር የተሠራ ነውና፣ አዲሱ ላይ አልከፈት አለ።

የኮምፒውተር ባለሙያው ተጠራ። "ሁለት ቀን ከሰጡኝ የድሮውን ሲስተም አዲሱ ውስጥ እጭነዋለሁ። ፕሮግራሙ የለመደው ቤት ያለ መስሎት ይሠራል" አለ።

"ሁለት ቀን? ቢሮውን የሚጎበኙ እንግዶች ከሰዓት ይመጣሉ እኮ!" አሉ ኃላፊያችን።

"እንግዲያው የኮምፒውተሩን ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ብንመልሰው ይከፈታል። ግን..."

"ዕድገትን የሚያጓትተው ይኸው 'ግን' ነው። መልሰው!"

መለሰው፤ ተከፈተም። ቢሯችን ወደ ኋላ እየሄደ ወደፊት ገሰገሰ።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ የመጣች እናት ነበረች። የልደት ካርዱን እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካላደረሰች ትምህርት ቤቱ ልጅቷን አይቀበልም። መዝጋቢዋ የልደት ቀኑን ስታስገባ ማሽኑ "ቀኑ ገና አልደረሰም" ብሎ እምቢ አለ።

ኃላፊያችን ስክሪኑን በጥሞና አነበቡ። "እመቤት፣ በሲስተሙ መሠረት ልጅዎ ገና አልተወለደችም።"

"ኧረ ይቺው ቆማለች!"

"መቆሟን አልካድንም። ከአምስት ዓመት በኋላ ስትወለድ ይዘዋት ይምጡ።"

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አደረገች። "እማዬ፣ ታዲያ የራበው ማነው?"

የእናትየዋ ዓይን በእንባ ግጥም አለ። መዝጋቢዋ ይህን ስታይ ብድግ ብላ የድሮውን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረደች፤ አቧራውን እፍ ብላ በእጇ መጻፍ ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው? ወረቀት ከልክያለሁ!"

"መቼ፣ ጌታዬ?"

"ዛሬ ጠዋት ነዋ!"

"በሲስተሙ መሠረት እርስዎ ገና አልተሾሙም" አለች፣ ብዕሯን ሳታነሣ።

ማህተሙ ጧ አለ። እናትና ልጅ ካርዳቸውን ይዘው በሩጫ ወጡ።

ኃላፊያችን ወደ ባለሙያው ጠጋ አሉ። "ስማ... የሁለት ቀኑን ሥራ አሁኑኑ ብትጀምረውስ?"

"ደስ ይለኛል" አለ ባለሙያው፣ ትሕትና በተሞላ ድምፅ። "ብቻ ኃላፊ የፈረመበት ደብዳቤ ያስፈልገኛል።"